ምዕራፍ 6፦ ስሙን በእጁ የጻፈ ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ ታሪክ ስሙ ከአገር አገር የዞረ ትምህርት ቤት ይጠራ ቢባል የወሎውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚቀድም እምብዛም የለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ሐይቅ ሲመጡ ገዳሙ ያለበት ቦታ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። እዚያ ካስተማሯቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሌላው ደቀ መዝሙራቸው አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። ተማሪ በደረሰበት ሁሉ «ከማን ተማርክ?» መባሉ አይቀርም፤ የሐይቅን ስም ያዞረውም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነበር።

ወሎ ይህን ልማድ በክርስትናውም በእስልምናውም ያውቀዋል። ደረሳው ከሩቅ አገር ተነሥቶ እንደ ጃማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ ወዳሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሚመጣው የሸኹን ዕውቀት ከሌላ ደረሳ አፍ ሰምቶ ነው። የቆሎ ተማሪውም የቅኔውንና የድጓውን መምህር ስም እየጠየቀ አገር ያቋርጣል። ደጁ ላይ ሰሌዳ ያልሰቀለ ትምህርት ቤት የሚታወቀው ባፈራው ሰው ነበር።

የአፍ ዝና ብቻውን ግን ሰባት መቶ ዓመት አይሻገርም። ሐይቅ ሌላም ነገር አድርጓል፤ ጽፏል። ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል ብራና እስከ ዘመናችን ደርሷል። የእሳቸው ሥዕል አለበት። ማን ለማን እንደሰጠው ተጽፎበታል። ገዳሙን የሚመለከቱ ልዩ ልዩ ማስታወሻዎችም ሰፍረውበታል። እንዲህ ባለው አያያዝ ወንጌሉ የተቋሙ መዝገብም ሆነ።

በ1960ዎቹ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ሲጀመር ይህ ወንጌል ከተነሡት አንዱ ሆነ፤ የተሰጠው ቁጥርም 1832 ነው። የፊልሙ ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው፣ ዛሬ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ወደሚባለው ተቋም ሄደ። እዚያ ከዊሊያም ማኮምበር ጋር ካታሎጉን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትተው መራመድ የተሳናቸው እኚህ ሊቅ ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ ቤተ መጻሕፍት ለአገራቸው ብራናዎች ሰጡ። ተቋሙ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ምስሎቹን በኢንተርኔት ከፍቷል። በነጻ የተመዘገበ ማንም አንባቢ የወንጌሉን ገጾች፣ በጥቁርና ነጭም ቢሆን፣ አንድ በአንድ መግለጥ ይችላል።

ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴቶች አይገቡበትም። ከገዳሙ ትይዩ ባለች ከተማ የምትማር የ9ኛ ክፍል ልጅ በዓይኗ ልታየው የማትችለውን መጽሐፍ ዛሬ በስልኳ ገልጣ የኢየሱስ ሞዐን ሥዕል ማየት ትችላለች። የታሪክ መምህሯ ይህን ቢያሳይዋት ልጅቱ ስለምትኖርበት ቦታ ያላት ግምት ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት የሥራውን ቅደም ተከተል ለማሳየት ነው። ሐይቅ መጀመሪያ አስተማረ፤ ቀጥሎ ማን እንደሆነና ምን እንዳለው በገዛ እጁ ጻፈ፤ ካሜራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ መጨረሻ። ዛሬ ትምህርት ቤታቸውን በማኅበራዊ ሚዲያ ማስተዋወቅ የሚፈልጉ ብዙ ርዕሳነ መምህራን የሚነሡት ከመጨረሻው ነው። ገጹ ይከፈታል፤ የበሩ ፎቶ ይለጠፋል፤ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይከተላል፤ በሦስተኛው ወር ገጹ ዝም ይላል። የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚሆነውን የመመዝገብ ልማድ ስላልነበረ ነው።

አሁን ከሐይቅ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከፍ እንበል፤ ወደ አርዲቦ ሐይቅ። አርዲቦ ከታችኛው ሐይቅ ያነሰ ነው፤ ትርፍ ውሃውን በአንከርካ ወንዝ በኩል ወደ ሐይቅ ያወርዳል። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው በአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለውን ታችኛውን ነው፤ ላይኛውን የሚያውቀው የአካባቢው ሰውና ሊያየው ብሎ የመጣ ብቻ ነው። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ያለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት እናስብ። ስም አልሰጠውም፤ እንደሱ ያሉ በአምባሰልም፣ በወረባቦም፣ በመላ ክልሉም ብዙ ናቸው። ይህ ትምህርት ቤት ራሱን ማስተዋወቅ ለምን ያስፈልገዋል?

ተማሪ ለመሳብ አይደለም። በዚህ ከግል ትምህርት ቤቶች ፍጹም ይለያል። ልዩነቱን ለማየት በዚያው በአማራ ክልል ደብረ ብርሃን አጠገብ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ኃይሌ ማናስ አካዳሚን መመልከት ይበቃል። ከመሥራቾቹ አንዷ ርብቃ ኃይሌ የፕሮፌሰር ጌታቸው ልጅ ናት። አባት የሐይቅን ወንጌል በካታሎግ አሰፈሩ፤ ልጅ ትምህርት ቤት መሠረተች። አካዳሚው ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ተማሪ የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት በመሆኑ ድረ ገጽ የግድ ያስፈልገዋል፤ ጎንደር ወይም ጅማ ያለ ወላጅ ትምህርት ቤቱን የሚያገኘው በዚያ ነው። የአርዲቦ ዳር ትምህርት ቤት ግን ተማሪዎቹ በእጁ ናቸው። የጎደሉት መጽሐፍ፣ ወንበር፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ፣ የሚረጋጋ መምህርና የሚከታተል ወላጅ ናቸው። የሚያስተዋውቀውም እነዚህን ሊያመጡለት ለሚችሉ ሰዎች ነው።

እነዚያ ሰዎች የት ናቸው? ብዙዎቹ ጅዳና ሪያድ፣ ቤሩትና ዱባይ፣ አዲስ አበባና ደሴ ናቸው። ደቡብ ወሎ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በብዛት ከሚልኩ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሰው ቤት ሠርታ የታናሽ ወንድሟን ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዛ የቀድሞ ተማሪ በየቤቱ አለች። ከቤተሰቧ ጋር የምትገናኘው በኢሞ፣ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ነው። ከ6ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል አቋርጣ የሄደችበት ትምህርት ቤት አንድም ቀን ደኅንነቷን ጠይቋት አያውቅም፤ ስለ ራሱም ነግሯት አያውቅም። «የቀድሞ ተማሪዎች» ሲባል ዶክተርና ኢንጂነር ብቻ የሚታየን ከሆነ እሷን እናጣታለን። በእኔ አስተያየት የገጠር ትምህርት ቤት የዲጂታል ሥራ መጀመሪያ እሷን መፈለግ ነው።

ደሴ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ የታደለ ነው። እንደ ተማሪዎች ንቅናቄው ታጋይ ዋለልኝ መኮንን ያሉ ሰዎች የተማሩበት በመሆኑ ስሙ ከአገሪቱ የፖለቲካ ታሪክ ጋር ተያይዟል፤ የቀድሞ ተማሪዎቹም ስሙን በኩራት ይጠራሉ። የአርዲቦው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ዝና የለውም። ያለው የስም መዝገብ ነው። በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተመሠረተ ጀምሮ የገቡና የወጡ ተማሪዎች ስም፣ ዕድሜና ውጤት የሰፈረባቸው መዛግብት አሉ፤ ማለቴ፣ ከተረፉ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴን፣ ሐይቅንና አካባቢያቸውን ሲያዳርስ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነዶች ተቀደዋል፣ ተቃጥለዋል። ያ መከራ ገና ትኩስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ዲጂታል ሥራ ማንም «ላይክ» የማያደርገው ነው፦ መዝገቦቹን በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ ማንሣት፣ በዓመተ ምሕረት መለየት፣ አንዱን ቅጂ በፍላሽ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስቀመጥ፣ ሌላውን የትምህርት ቤቱ በሆነ የኢሜይል አካውንት ላይ መጫን። መዝገቡ ውስጥ የሰው ምስጢር ስላለ ለሕዝብ አይለጠፍም። ነገር ግን «በ1992 ዓ.ም. እዚህ 8ኛ ክፍል ነበርኩ» ብላ ከጅዳ ለምትጽፍ ሴት «አዎ፣ ስምሽ እዚህ አለ» ብሎ መመለስ የሚቻለው እሱ ሲኖር ነው። ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ አላውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ካርታ ነው። በጉግል ማፕ ላይ ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት ለውጭ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ረጂ ድርጅትም ሆነ በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ የሚያየው ካርታውን ነው። ማስመዝገብ ገንዘብ አይጠይቅም። በስልኩ «የጎደለ ቦታ ጨምር» የሚለውን መርጦ ነጥቡን በግቢው ላይ ማሳረፍ፣ ስሙን መጻፍና የበሩን ፎቶ መጨመር ብቻ ነው፤ ከተጣራ በኋላ ይወጣል። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ለሁሉ ክፍት የሆነ ካርታም አለ፤ በእሱም ላይ መስፈር ይጠቅማል፤ የዕርዳታ ድርጅቶች አዘውትረው ይጠቀሙበታል። በዚህ አካባቢ ስም ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ሰዉ ሐይቅን በ«ሐ»ም፣ በ«ሀ»ም፣ በ«ሃ»ም ይጽፈዋል፤ በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ መጨረሻውን አንዱ በ«ኪው» ሌላው በ«ኬ» ያደርገዋል። የትምህርት ቤቱ መግለጫ እነዚህን አጻጻፎች በሙሉ፣ ከወረዳውና ከቀበሌው ስም ጋር ቢይዝ ፈላጊ ይገናኘዋል።

ዕለታዊው ሥራ ግን ቴሌግራም ላይ ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የከተማ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ መላክ የጀመሩት በቴሌግራም ነበር። ወላጁ ለመደው፤ መምህሩም ለመደው። የ12ኛ ክፍል ውጤት እንኳ ዛሬ ከድረ ገጽና ከአጭር መልእክት ሌላ በቴሌግራም ቦት ይታያል። ቻናል ከከፈቱ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው፤ ግሩፕ ከከፈቱ ሁሉም ይጽፋል። ለማስተዋወቅ ቻናል ይሁን፤ አስተያየት መቀበያውን ከሥሩ ማያያዝ ይቻላል። ግሩፕ በሌሊት የሚላክ የማይገባ ቪዲዮና የሁለት ሰዎች ጠብ ማደሪያ ሲሆን የትምህርት ቤቱ ስም አብሮ ይወድቃል። ፌስቡክ ውጭ ያሉትን ለማግኘት ይረዳል፤ ቲክቶክ ወጣቱን ያመጣል፤ ነገር ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚሸከም ትምህርት ቤት ጥቂት ነው።

ምን ይጻፍ? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በብዙ ገጾች ላይ የማየው ዓይነት መልእክት ይህን ይመስላል፦ «ትምህርት ቤታችን የትምህርት ጥራትን ለማረጋገጥ ከባለድርሻ አካላት ጋር በቅንጅት እየሠራ ይገኛል።» ከሥሩ በአንድ ረድፍ የቆሙ ሰዎች ፎቶ አለ። ይህን አንብቦ አንድ መጽሐፍ የሚልክ ሰው አይኖርም፤ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደጎደለ አይናገርምና። አሁን ሌላ እንሞክር። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሳይንስ መምህራቸው ጋር ወደ አርዲቦ ዳር ወርደው ውሃ ቀድተው መጡ እንበል። ፎቶው የልጆቹን ፊት አያሳይም፤ በመስኮት ደፍ ላይ የተደረደሩ ሦስት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ያሳያል። አንዱ ከአርዲቦ፣ አንዱ ከምንጭ፣ አንዱ ከቦኖ የተቀዳ ነው፤ በየጠርሙሱ ላይ በልጅ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ጽሑፉ ይህን ይላል፦ «ዛሬ ሦስት ውሃ አነጻጸርን። ደለሉ ሲረጋ ልዩነቱ በዓይን ታየ። በውስጡ ያለውን ለማየት ግን ማይክሮስኮፕ የለንም። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን።» በዚህች አጭር ጽሑፍ ውስጥ ትምህርቱ አለ፣ ቦታው አለ፣ የጎደለውም በስሙ ተጠርቷል። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቢያያት የት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ማይክሮስኮፑ ሲመጣም ለሚቀጥለው መልእክት ርዕስ ተገኘ ማለት ነው፤ ልጆቹ በእሱ ያዩትን ይጽፋሉ።

ውጤትን ማስተዋወቅ ከባድ ጉዳይ ነው። የግል ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆችን ፎቶ በባነር ላይ ይሰቅላሉ፤ ገጾቻቸውንም በዚያ ይሞላሉ። የአገሪቱን ሁኔታ ሳይናገሩ ይህን ማድረግ ግን ወላጅን ያሳስታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ጎበዝ ልጅን እየደጋገሙ ማሳየት የቀሩትን መደበቅ ነው። «አምና በሒሳብ ግማሹ ክፍል ወድቆ ነበር፤ ዘንድሮ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ጀመርን፤ እስከ አጋማሽ ዓመት ይህን ያህል ተሻሻለ» የሚል ትምህርት ቤት እውነቱን ተናግሯል። ወላጅም ልጁን በእምነት ይሰጠዋል። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም እንኳ ለሦስት ዓመት ሳይቋረጥ የተጻፈ ቁጥር ከባነር ይበልጣል።

ገንዘብ ሲነሣ ጥንቃቄው ይጨምራል። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያሻሽል ከጠራ ወዲህ መዋጮ በየቦታው ይሰበሰባል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ከአዲስ አበባ 200 ብር መላክ የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ገንዘቡ በግለሰብ ስልክ ቁጥር መግባት የለበትም፤ በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ በሚያውቀው የባንክ ሒሳብ ይግባ። የገባውና የወጣው በዚያው ቻናል፣ ከደረሰኙ ፎቶ ጋር ይለጠፍ። አንድ ጊዜ ጥርጣሬ ከገባ ሁለተኛ የሚያዋጣ የለም፤ ስደተኛዋ እህት በላብዋ ያገኘችውን ነው የምትልከው።

ስለ ልጆቹ ፎቶ አጥብቄ መናገር አለብኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ የሚያስጠይቅ ሆኗል። አዋጁ ባይኖርም ጉዳዩ የህሊና ነው። የተቀደደ ሸሚዝ የለበሰች፣ በባዶ እግሯ የቆመች የ7 ዓመት ልጅን ፊት ለጥፎ ዕርዳታ መጠየቅ ልጅቱን ዕድሜ ልክ በኢንተርኔት ላይ ድኻ አድርጎ ማስቀረት ነው። አድጋ ሥራ ስትፈልግ፣ ትዳር ስትይዝ ያ ፎቶ ይከተላታል። በወሎ ባህል የቤት ችግር በአደባባይ አይገለጥም፤ ትምህርት ቤት ያንን ክብር ማፍረስ የለበትም። የተሰበረው ወንበር ይታይ፤ የሚያፈሰው ጣሪያ ይታይ፤ የልጆቹ እጅና ሥራ ይታይ። ፊት የሚታይ ከሆነ ወላጅ በምዝገባ ቀን የፈረመበት ቅጽ ይኑር፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅም ይነበብለት። ሙሉ ስም፣ ክፍልና መኖሪያ ቀበሌ ከፎቶ ጋር ባንድ ላይ አይውጡ።

ኔትወርክ ሲጠፋስ? ይህ በአማራ ክልል የምናብ ጥያቄ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነትም ስልክና መብራት አብረው የጠፉበት ጊዜ ነበር። ሥራው በሙሉ በቻናሉ ላይ ብቻ ያለ ትምህርት ቤት በዚያን ጊዜ ድዳ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉ መጀመሪያ በወረቀት ይሁን። በየሳምንቱ ዓርብ አንድ መምህር በአንድ ደብተር ላይ የሳምንቱን ነገር በአምስት መስመር ይጻፍ፤ ያው ጽሑፍ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፤ በሰልፍ ላይ ለተማሪው ይነበብ፤ በገበያ ቀን ለሚመጣው ወላጅ በበሩ ላይ ይታይ። ዳታ ሲኖር ፎቶ ተነሥቶ ወደ ቻናሉ ይወጣል። ሲለጠፍም የምስሉ መጠን ይቀነስ፤ በትንሽ ጥቅል የሚጠቀም አባት ከባድ ቪዲዮ ሊያወርድ አይችልም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌሉ ላይ የጻፈው ኔትወርክን ጠብቆ አልነበረም።

የቀረው የባለቤትነት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ገጾች የሚሞቱት በዚህ ነው። ገጹን የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ አንድ ትጉህ ወጣት መምህር ነው፤ በራሱ ስልክ ቁጥር፣ በራሱ የይለፍ ቃል። መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ገጹም አብሮት ይዛወራል። ትምህርት ቤቱ የራሱ ሲም ካርድ ያውጣ። የቻናሉ አስተዳዳሪዎች ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ አንድ መምህርና ከወላጅ መምህር ኅብረቱ አንድ ሰው። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከማኅተሙ ጋር በካዝና ይቀመጥ። ርዕሰ መምህር በሚለወጥበት ቀን የንብረት ርክክብ ቅጹ ላይ ከወንበር፣ ከጠረጴዛና ከመጽሐፍ ቁጥር ቀጥሎ «የቴሌግራም ቻናል፣ የኢሜይል አካውንት፣ የካርታ ምዝገባ» የሚል መስመር ይጨመርና አስረካቢና ተረካቢ ይፈርሙበት።